ሽ የሚል ነገር ሁሉ

ልጄን ሳወድስ ጉረኛ ይሉኛል። ይበሉኝ። እናቷ ነኝ፤ በዚያ ላይ ሥራውን አውቀዋለሁ። እሷ በምትሠራበት ላውንደሪ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት መለያ ጠረጴዛ ላይ ቆሜያለሁ፤ የገባውን ልብስ ሁሉ በእጄ እየዳሰስኩ «ይሄ እዚህ፣ ያ እዚያ» ስል ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለዚህ በዚያ ቤት እንደ ልጄ ያለ ልብስ ተኳሽ ቆሞ አያውቅም ስላችሁ የእናት አፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

እሷ ያለችው መተኮሻ ክፍል ነው። አራት የእንፋሎት ማሽኖች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። ልብሱን የታችኛው ሰሌዳ ላይ ትዘረጋላችሁ፣ የላይኛውን ታወርዱበታላችሁ፣ ፔዳሉን ስትረግጡ ከቦይለሩ በቱቦ የመጣው እንፋሎት በጨርቁ ውስጥ ሰርጎ ይወጣል። ሌላው ሰው ከአንድ ሸሚዝ ጋር ሲታገል እሷ ሁለቱን ጨርሳ ሦስተኛውን ታራግፋለች። ኮሌታው እንደሆነማ፣ ባለቤቱ ሊወስደው ሲመጣ «ይሄ የኔ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በሠላሳ አንድ ዓመቷ የክፍሉ ኃላፊ አደረጓት፤ በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጧት ስድስት ሰዎች እያሉ። አንዳቸውም አላጉረመረሙም፤ ይሄንን ልብ በሉልኝ።

ዛሬ የማወራላችሁ ግን ይህችው ልጅ ሻይ ሲፈላ ሰምታ ከቤት ሮጣ ስለወጣችበት ጊዜ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ያኔ የነበሩት ማሽኖች ያረጁ ነበሩ፤ የአንደኛው ቱቦ ሊፈነዳ ሲል ረዘም አድርጎ «ሽሽሽሽ» አለ። ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ ማንም ዞር አላለም። ፈነዳና ክንዷን ከክርኗ እስከ አንጓዋ አቃጠላት። ሦስት ሳምንት ቤት ተኛች፣ ድና ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ያ ማሽን ረዘም አድርጎ ሽ ባለ ቁጥር ቫልቩን ትዘጋና መካኒኩን ትጠራለች። ሁለት ጊዜ በዚሁ ጆሮዋ ሰው አትርፋለች። ቤት ስትመጣ ግን የሻይ በራዱ አጠገቧ ቢጮህ፣ አውቶቡሱ ጆሮዋ ሥር በሩን ቢከፍት፣ ጉዳይዋም አልነበረም። የምትፈራው አንድ ማሽን ነው፤ ከእሱም የምትፈራው አንድ ድምፅ ነው። እንዲህ ያለውን እኔ ፍርሃት አልለውም፤ ሙያ ነው።

ባለፈው ዓመት የላውንደሪው ባለቤት አሮጌዎቹን አውጥቶ አራት አዳዲስ ማሽን አስገባ። ባለቤቱ የድሮው አለቃዬ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ የልብስ ቅርጫት ውስጥ ሲተኛ ያየሁት ስለሆነ ከረባት አስሮም አያስፈራኝም። «የነዚህ ቱቦ ብረት ነው፣ አይፈነዳም» አለ። እውነቱን ነው፣ ቱቦ አልፈነዳም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግን የላይኛው ሰሌዳ ጠርዝ ላይ ያለው ማሸጊያ ጎማ ተላጠና እንፋሎቱ በጎን ወጥቶ አንገቷንና ትከሻዋን መታት። የምታውቀው ረዥም ድምፅ የለም። ሰው ሻማ ሲያጠፋ የሚሰማ አጭር «እፍ» ብቻ።

ቁስሉ የፊተኛውን ግማሽ አይሆንም፤ በዐሥር ቀን ደረቀ። መካኒኩም የአራቱንም ማሽኖች ጎማ አውጥቶ በሚሻል ዓይነት ቀየረው። ፍርሃቱ ግን አልደረቀም። እኔ ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ድሮ አደጋው አንድ መልክ ነበረው፤ እሷም መልኩን ይዛ ትጠብቀው ነበር። አሁን መልኩን ለወጠባት። አንዴ ከለወጠ ደግሞ ነገ ምን መስሎ እንደሚመጣ በምን ታውቃለች? ስለዚህ ሽ የሚለውን ሁሉ፣ እፍ የሚለውን ሁሉ ትጠረጥር ጀመር።

መጀመሪያ የአውቶቡስ በር ነው። ቁስሏ ደርቆ ሥራ ልትገባ የወጣች ዕለት አውቶቡሱ ቆሞ በሩ ሲከፈት ወደኋላ ተስፈንጥራ አንዲት ሴትዮ ላይ ወደቀች። ይቅርታ ጠይቃ በእግሯ ሄደች። ላውንደሪው በር ላይ ስትደርስ የማሽኖቹን ድምፅ ከውስጥ ሰማች፤ እግሯ አልታዘዝ አላት፤ ተመለሰች። በማግስቱ የለስላሳ ጠርሙስ ስከፍት ደነገጠች። ቀጥሎ መንገዳችን ዳር ያለው ጎሚስታ ጎማ ሲያስተነፍስ ሰምታ መስኮቱን ዘጋች። ከዚያ በራዱ መጣ፤ በነጠላ ጫማ ወጥታ መንገድ ላይ ቆማ አገኘኋት።

እኔስ ምን አደረግኩ? እናት አይደለሁ? በራዱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ሥጋ የምንቀቅልበትን የሚያፏጨውን ድስት ለጎረቤት ሰጠሁ። ለስላሳ ደጄን አይርገጥ አልኩ። ጎሚስታውን «ሂድና ሌላ ቦታ አስተንፍስ፣ ልጄን ልትገላት ነው!» ብዬ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮህኩበት። ሻወሩን ትተን ውኃ በባልዲ አደረግነው። ቤቴን ሽ የማይልበት ቤት አደረግኩት፤ ኮራሁበትም! እንደኔ ያለች እናት የት ትገኛለች እያልኩ ለራሴ አጨበጨብኩ። አንዱን ባወጣሁ ቁጥር ግን በቦታው ሌላ ይተካ ነበር። መጥረጊያ ወለሉ ላይ ሲሄድ ትደነግጣለች። ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ሲገባ ትደነግጣለች። ካፊያ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ብርድ ልብስ ትከናነባለች። ቤቱ ጸጥ ባለ ቁጥር እሷ ይበልጥ ታዳምጣለች።

በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤቴ ሕፃኗን አደራ ብላኝ ወጣ አለች። ልጁ አለቀሰ፤ እኔም ትከሻዬ ላይ አድርጌ «ሽሽሽ፣ በቃ፣ ሽሽሽ» አልኩት። ልጄ ሳህን ታጥብ ነበር። ሳህኑ ሲሰበር ሰማሁ። ዞር ስል ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ በሁለት እጇ አንገቷን ሸፍና ቆማለች።

«እማዬ» አለችኝ፤ «አንቺንም ፈራሁሽ እኮ።»

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሕፃኑ እንኳ ግራ ገብቶት ዝም አለ።

የዚያን ሳምንት እሑድ ባለቤቱ ቤት ድረስ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብርቱካን ይዞ ነው የመጣው።

«ማዘር፣ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ» አለ። «ክፍሉ ያለ ኃላፊ ነው ያለው። እስከሚመጣው ሳምንት ሰኞ ካልገባች፣ እሷ ማጠፊያ ክፍል ትሁንና ኃላፊነቱን ለሌላ ልስጥ።»

«ማጠፊያ?» አልኩት። «አንተ ልጅ፣ ጤናህን ነው? ይህችን እጅ ፎጣ ልታሳጥፋት?»

«እማዬ፣ ተይው» አለች ልጄ፤ ዓይኗ ወለሉ ላይ ነው። «ልክ ነው። ክፍሉ መግባት ያቃተው ሰው የክፍሉ ኃላፊ አይሆንም።»

እሱ ከሄደ በኋላ ብርቱካኑን ሳትነካው ገብታ ተኛች። ያንን ቦታ ለማግኘት ስንት ዓመት እንደለፋች አውቃለሁ። ማጠፊያ ክፍል ነውር ሆኖ አይደለም፤ አንዴ ሸሽታ ከገባችበት ግን ተመልሳ እንደማትወጣ ገብቶኛል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ከማጠፊያውም ልትሸሽ ትችላለች። ከእናቷ ሸሽታ የለ?

በማግስቱ እጇ ሥራ እንዳይፈታ ብላ የቤቱን ልብስ ልታጥብ አወጣች። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ አያለሁ። አንሶላውን፣ የትራስ ልብሱን፣ የኔን ነጭ የሱፍ ሻርፕ፣ ሁሉንም አንድ ገንዳ ውስጥ ከታ የፈላ ውኃ ልትደፋበት ስትል ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ነጭ ስለሆነ ብቻ ከአንሶላ ጋር ትቀቅይዋለሽ? ሱፍ እኮ ነው! እስቲ ንኪው! መልኩ ስለተመሳሰለ አንድ ሆነ?»

ይሄ አዲስ ሠራተኛ መለያ ጠረጴዛው ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የምለው ነገር ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው፤ ነጭ ሲያይ ወደ ነጭ ክምር ይወረውራል። ጥጡ ሙቀቱን ይችለዋል፤ ሱፉ ተኮማትሮ የአሻንጉሊት ልብስ ይሆናል፤ ሐሩ ወዙን ያጣል። ስለዚህ ልብስ በሩቅ አይለይም። ይዳሰሳል፣ ይታሻል፣ ብርሃን ላይ ይያዛል፤ አንድ በአንድ።

ልጄ ሻርፑን እንደያዘች አየችኝ። እኔም አየኋት። ለሁለታችንም የመጣልን ያው ነገር ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ጀማሪ ስቆጣበት የኖርኩትን ስህተት ገዛ ቤቴ ውስጥ ሠርቼው ተገኘሁ፤ ሽ የሚለውን ሁሉ አንድ ክምር አድርጌ ቆልፌበታለሁ። ሄጄ በራዱን ከቁም ሳጥኑ አወጣሁት።

«እንለያለን» አልኳት።

በራዱን ጣድኩና እሷን በሩ ጋ አቆምኳት። የጠየቅኳት ጀማሪ እንደማስተምረው ነው። ከየት ነው የሚወጣው? ሲጀምር ምን ይላል፣ ሲያልቅስ? ትኩስ ነው ቀዝቃዛ? የመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ሮጣ ወጣች፤ ሦስት ጊዜ ጠብቄ መልሼ ጣድኩት። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ እሷ ግን ትብሰኛለች። በማግስቱ ጠዋት ተነስቼ ሳይ ራሷ ጥዳው፣ ክንዷን አጣጥፋ፣ ላቧ በጆሮ ግንዷ እየወረደ ፊት ለፊቱ ቆማለች።

«መጀመሪያ ይንጫጫል» አለችኝ ሳትዞር። «ቀጥሎ በአፉ ብቻ ያፏጫል። ከጎኑ ምንም አይወጣም። ክዳኑን ሳነሳው ዝም ይላል። እሺ፣ እሱን አውቄዋለሁ።»

ከዚያ ወደ ጎሚስታው ሄድን። ሰውየው ሲያየኝ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«እናቴ፣ አሁን ደግሞ እኔም እንዳልተነፍስ ሊከለክሉኝ ነው?»

«አስተንፍስልኝ ልልህ ነው የመጣሁት።»

«ባለፈው አታስተንፍስ ብለውኝ አልነበር?»

«ያ ባለፈው ነው!»

ጎማ የሚያሠሩት ሁሉ ሳቁብኝ። ደግ ሰው ነው፤ አንድ አሮጌ ጎማ አምጥቶ እየሞላ፣ እያስተነፈሰ፣ ደጋገመላት። መጀመሪያ ከመንገዱ ማዶ ቆመች። ቀጥሎ ተሻገረች። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ንፋሱ ፊት ዘረጋች።

«ቀዝቃዛ ነው!» አለች። «እማዬ፣ ቀዝቃዛ እኮ ነው!»

ከተቃጠለች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለት ክምር ነበራት፤ ቀዝቃዛና ትኩስ። ለስላሳው ቀዝቃዛ ገባ፣ መጥረጊያውም ገባ። አውቶቡሱን ለመለየት እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደን ተመለስን፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ክንዴን ጨምድዳ ትይዘኛለች። ማታ ሳየው በልዟል፤ ለጎረቤቶቼ እያሳየሁ ነው የሰነበትኩት። የኔን «ሽሽሽ» ቀዝቃዛ ክምር ውስጥ ስትጨምረው ትንሽ ቅር ቢለኝም ዝም አልኩ። ያቺን የምታፏጭ ድስት ግን ጎረቤቴ «ልመልስላችሁ?» ስትል ልጄ «ትቆይ» አለች። ሁሉም ነገር አልተለየም፤ አልዋሻችሁም። ሐሙስ ቀን ደግሞ ያለምንም ምክንያት የጎረቤት ቧንቧ ሲከፈት ሰምታ ግማሽ ቀን አልጋዋ ውስጥ ዋለች።

ቅዳሜ የላውንደሪው ጓሮ ወሰድኳት፤ የቦይለሩ ጭስ ማውጫ ያለበት፣ ግድግዳው የሚሞቅበት። ውስጥ አልገባንም። ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። «ያ የሦስተኛው ማሽን ፔዳል ነው» ትለኛለች። «ያኛው ቦይለሩ ነው። ይሄ ደግሞ ሰው ውኃ ሲረጭ ነው።» እኔ አንዱም አይለይልኝም፤ ለኔ ሁሉም ያው ጫጫታ ነው። በዚያች ሰዓት የኔ እጅ ጨርቅ የሚያውቀውን ያህል የሷ ጆሮ እንፋሎት እንደሚያውቅ ገባኝ፤ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ሰኞ አብሬያት ገባሁ። ማንም አልጠራኝም፤ ማንስ ይከለክለኛል? መተኮሻ ክፍሉ እንደ ድሮው ነው። መስኮቱን ላብ አጥምቆታል፣ የስታርች ሽታ አፍንጫ ይነካል። ባለቤቱ እጁን አጣምሮ በሩ አጠገብ ቆሟል። ኃላፊነቱን ትወስዳለች የተባለችው ሴት ሽርጧን አስራ፣ ከሁለተኛው ማሽን አጠገብ ትጠብቃለች። መካኒኩም የመፍቻ ሣጥኑን ይዞ መጥቷል። ሁሉም የሚያዩት ልጄን ነው።

ሸሚዝ ዘረጋች፣ ሰሌዳውን አወረደች፣ ፔዳሉን ረገጠች። እንፋሎቱ ሲወጣ ትከሻዋ ዘለለ፤ ሁሉም አየው። እጇ ግን ከእጀታው አልተነሳም። ሁለተኛውን ሸሚዝ ዘረጋች። ሦስተኛውን። አምስተኛው ላይ ትከሻዋ ረጋ።

ሰባተኛው ላይ ድንገት ጭንቅላቷን አዘነበለች። እግሯን ከፔዳሉ አነሳች፣ ቫልቩን ዘጋች፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄደች።

ባለቤቱ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔም በቃ፣ አለቀ አልኩ በልቤ።

«ጋሼ» አለችው መካኒኩን፤ «ከታች አንድ ድምፅ አለ። ትኩስ ነው፤ ግን አላውቀውም።»

ሰውየው ከማሽኑ ሥር ገባ፤ ዳሰሰ፣ ፈታ፣ አየ። ሁላችንም ጠበቅን። ሲወጣ ጉልበቱን እያራገፈ፣ «ምንም የለበትም ልጄ» አለ። «ትናንት የቀየርኩት የውኃ ማስወጫ ነው። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ የሚጠራቀመውን ውኃ እንዲያ እያለ ይተፋዋል። በደንብ እየሠራ ነው ማለት ነው።»

አሁን እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ። አንዴ የሐር ቀሚስ ከጥጥ ጋር ልኬ አበላሽቼ፣ ልብሱ ላይ የተሰፋው ምልክት ነው ያሳሳተኝ ብዬ አለቃዬ ፊት ምዬ ተገዝቼያለሁ፤ ምልክቱ ልክ ነበር። ያውም ቦታዬን የምትጠብቅ ሴት ቆማ እያየችኝ ቢሆን፣ «በደንብ አላየኸውም!» ብዬ መካኒኩን አፋጥጠው ነበር።

ልጄ ግን፣ «ተሳስቻለሁ» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «እባክዎ ይልቀቁትና ልስማው።»

ለቀቀው። ተንበርክካ ጆሮዋን ወደ ማስወጫው አስጠጋች። አንዴ ተፋ፤ ትከሻዋ ዘለለ። ሁለተኛ ተፋ፤ ዘለለ። ሦስተኛው ላይም ዘለለ፤ ግን ከቦታዋ አልተነሳችም። ሰምታ ስትጨርስ ቆመች፣ «እሺ፣ ይሄንንም ለየሁት» አለች፣ ሸሚዙን እንደገና አርጥባ ፔዳሉን ረገጠች።

ባለቤቱ ወደኔ ጠጋ አለ። «ማዘር» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «አሁንም ትፈራለች አይደል?»

«አዎ፣ ትፈራለች። አንተ እንደዚያ ፈርተህ እንዲህ ያለ ኮሌታ ታወጣለህ?»

ወደ ሁለተኛው ማሽን ሄዶ ለምትጠብቀው ሴት፣ «አንቺ እዚሁ ላይ ሥሪ፤ ያልገባሽን ነገር ኃላፊሽን ጠይቂ» አላት፤ በእጁ የሚያሳየው ልጄን ነው።

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። ደፋር ልጅ ወለድኩ እያልኩ ስኩራራ ኖሬያለሁ፤ ድፍረቷን ግን ከዚያ ቀን በፊት አላየሁትም ነበር። ስትፈራ ሰው ሁሉ አያት። ስትሳሳት ሰው ሁሉ ሰማት። እሷ ግን ሸሚዟን ቀጠለች።

ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

«እኔም ተሳስቻለሁ» አልኳት በጆሮዋ። «ፍርሃትሽን ቤት ውስጥ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።»

እንፋሎቱ በመሃላችን ወጣ። «ምን አልሽ እማዬ?» አለች። «ማሽኑ አላሰማኝም።»

ሰምታኛለች፤ ከንፈሯ ዳር ላይ ሳቅ አለ። ሌሎቹም ሥራቸውን አቁመው ያዩኛል። በዚያ ቤት ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ስኖር ያንን ቃል ከአፌ የሰማ የለም። አንገቴን ቀና አደረግኩና ከመተኮሻ ክፍሉ እስከ መለያ ጠረጴዛው ድረስ እንዲሰማ፣ «ተሳስቻለሁ!» ብዬ ጮህኩ።